«ለስድስት ዶላር ብለህ ወንድሜን እንዳታስቀይምብኝ»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ፤ የምተዳደረውም ኡበርና ሊፍት በመሥራት ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ የቀድሞ መኪናዬ ከሥራ ውጪ ስትሆንብኝ ያገለገለች ቶዮታ ሲዬና በብድር ገዛሁ። ክሬዲቴ፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪኬ፣ ደካማ ስለነበር የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ኮሳይን ሆኖ፣ እኔ ባልከፍል ሊከፍል ዋስ ሆኖ፣ ፈረመልኝ። ብድሩ 23,000 ዶላር ገደማ፣ ወለዱ 14.9 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 72 ወር፣ የወር ክፍያው 486 ዶላር ነው። መኪናዋን የሸጠልኝ ዲለር ውሉን ወዲያው ለአንድ የፋይናንስ ኩባንያ አስተላለፈው፤ ኩባንያውን እኔ አልመረጥኩትም።

ገቢዬ በየሳምንቱ ስለሚገባ፣ ገንዘቡ በእጄ ላይ እንዳይበተን ብዬ ክፍያውን በወር ሁለት ጊዜ፣ 243 ዶላር እያደረግሁ፣ በኩባንያው ድረ ገጽ በዴቢት ካርዴ እከፍላለሁ። በከፈልኩ ቁጥር ታዲያ 5.95 ዶላር «ኮንቪኒየንስ ፊ»፣ ማለትም በኦንላይን ወይም በስልክ የመክፈያ ዋጋ፣ ይጨመርብኛል። በስልክ ደውዬ ብከፍልም ያው ነው። ሰሞኑን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይሄ እኮ በሜሪላንድ ክልክል ነው፤ ፍርድ ቤት ወስኗል» አለኝ። ኩባንያው ጋ ስደውል ግን ያነሳችው ሠራተኛ «ካልፈለጉ በፖስታ ቼክ መላክ ይችላሉ» ብላ ዘጋችው። የሚያናድደኝ የብሩ መጠን አይደለም፤ ገንዘቤን ለመስጠት ገንዘብ መክፈሌ ነው።

እስካሁን ከ200 ዶላር በላይ ወስደውብኛል። ይህንኑ ከሚቀጥለው ወር ክፍያዬ ላይ ቀንሼ ቀሪውን ብቻ ልልክላቸው ወስኜ ነበር። ባለቤቴ ግን «ለስድስት ዶላር ብለህ ወንድሜን እንዳታስቀይምብኝ» ብላ ተቆጣች፤ ጋሼ ቤት ሊገዛ ባንክ እያነጋገረ ነው። እኔም «የሚዘርፉኝን ትተሽ እኔን ትቆጪያለሽ» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የለም። ጥፋቱ የማን ነው? መብቴን ልተወው ወይስ ልግፋበት? ለጋሼስ ልንገረው?

የአማካሪው መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የደብዳቤዎን ሦስተኛ አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ የሚናገሩት ስለ ተወሰደብዎ ገንዘብ ነው፤ ባለቤትዎ የሚናገሩት ስለ ወንድማቸው ስም ነው። ሁለታችሁም ትክክለኛ ነገር ይዛችሁ እየተነጋገራችሁ ያላችሁ ግን ስለ ተለያየ ጉዳይ በመሆኑ፣ የማን ጥፋት ነው የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን እንድናደርገው ይፍቀዱልኝ። የብስጭትዎ ምክንያት ግልጽ ነው፤ አበዳሪውን ሳይመርጡ፣ በዲለሩ ምርጫ ለስድስት ዓመት የታሰሩ ሰው፣ ዕዳቸውን በሰዓቱ በመክፈላቸው ብቻ በየሁለት ሳምንቱ ሲቀጡ ቢበሳጩ አይፈረድባቸውም።

መጀመሪያ ባልደረባዎ የነገሩዎትን እንመልከት፤ ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለምና። በጃንዋሪ 2022 መቀመጫው በሪችመንድ ቨርጂኒያ የሆነው፣ ሜሪላንድንም የሚያካትተው የአራተኛው ሰርኪዩት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በኦንላይን ወይም በስልክ ለሚከፍሉ የሜሪላንድ ተበዳሪዎች በየክፍያው 5 ዶላር ሲያስከፍል የነበረን ኩባንያ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። የፍርዱ መነሻ በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ነው፤ ይህ ሕግ ዕዳውን የፈጠረው ውል በግልጽ ካልፈቀደው ወይም ሌላ ሕግ ካልፈቀደው በቀር ሰብሳቢው ምንም ዓይነት ተጨማሪ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው የሚመለከተው ስለ ሌላ ሰው ሆነው ዕዳ የሚሰበስቡትን ሲሆን፣ የሜሪላንድ የሸማቾች ዕዳ አሰባሰብ ሕግ ግን ያንኑ ክልከላ ወስዶ በሰፊው ዕዳ በሚሰበስብ ሁሉ ላይ ያደርገዋል። ፍርድ ቤቱም ክፍያው የሜሪላንድን ሕግ የሚጥስ ነው አለ፤ «ተበዳሪዎቹ ወደውና ፈቅደው የመረጡት አገልግሎት ነው» የሚለው መከራከሪያ ኩባንያውን አላዳነውም።

ሆኖም በዚህ ላይ ብቻ ተመሥርተው «ክልክል ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ሁለት ነገር ልጨምር። ያ ክርክር የቤት ብድር እንጂ የመኪና ብድር አልነበረም፤ ምክንያቱ ለመኪናም ይሠራል የሚል ጠንካራ ክርክር ማቅረብ ይቻላል፣ ነገር ግን የእርስዎ ውል ምን ይላል የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሁለተኛው የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ነገር ነው። ቢሮው በጁን 2022 ዕዳ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ክፍያ ሊጠይቁ አይችሉም የሚል የሕግ ማብራሪያ አውጥቶ ነበር፤ በሜይ 2025 ግን ከብዙ ሌሎች መመሪያዎች ጋር ሰረዘው። አንዳንድ ሰዎች ያን ጊዜ የወጣውን ዜና ይዘው «አሁን ተፈቅዷል» ይላሉ፤ ተሳስተዋል። የተሰረዘው የቢሮው ማብራሪያ ነው፤ ሕጉና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ባሉበት ናቸው።

በሌላ በኩል የኩባንያዎቹን ክርክር ሳልነግርዎ ባልፍ ሚዛናዊ አልሆንም። ካርድ ማንቀሳቀስ ወጪ አለው፤ ወጪውን በካርድ የማይከፍሉት ደንበኞች ለምን ይሸከሙ ይላሉ። ይህ ክርክር ሚዛን የሚያነሳው ግን የሚጠየቀው ገንዘብ ከወጪው ጋር ሲቀራረብ ነው። በዴቢት ካርድ ሲከፈል ትልልቆቹ ባንኮች ከተቀባዩ የሚወስዱት ገንዘብ ከ2011 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ተገድቧል፤ 21 ሳንቲምና ከክፍያው ላይ 0.05 በመቶ ሲሆን፣ ማጭበርበርን ለመከላከል አንድ ሳንቲም ሊታከልበት ይችላል። በእርስዎ 243 ዶላር ላይ ሲሰላ 34 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። የካርድ ድርጅቱና ክፍያውን ከእርስዎ ወደ ኩባንያው የሚያሳልፈው ድርጅት የሚወስዱት ቢጨመርበት እንኳ ወደ 5.95 ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። ከላይ ያነሳሁት የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በማርች 2023 ባወጣው የቁጥጥር ሪፖርት፣ መርማሪዎቹ በአንዳንድ የመኪና ብድር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከ100 ክፍያ 90 ያህሉ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚወሰድበት፣ ከዚህም ከግማሽ በላዩ በክፍያ አሳላፊው በኩል ተመልሶ ለኩባንያዎቹ እንደሚገባ ማግኘታቸውን ገልጿል። በእኔ አስተያየት ነገሩ በሕግ ሊገራ የሚገባው ለዚህ ነው። ክፍያውን በደፈናው ከመከልከል ይልቅ ቢያንስ አንድ ነጻና ፈጣን የኤሌክትሮኒክ መክፈያ እንዲኖር ማስገደድ፣ የሚጠየቀውም ከእውነተኛው ወጪ እንዳይበልጥ ማድረግ ለእንደ እርስዎ ያለ ተበዳሪ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሠራተኛዋ የጠቆሙዎት የፖስታ ቼክ ነጻ ቢሆንም ፈጣን አይደለም፤ ቼክ የሌለውን ሰው ደግሞ ጭራሽ አይመለከተውም።

አሁን ወደ ቤትዎ ልግባ። በወር ሁለት ጊዜ መክፈልዎ የጥንቃቄ ልማድ ነው፤ በቁጥር ሲታይ ግን እየጎዳዎት ነው። የእርስዎ ዓይነት ብድር ብዙውን ጊዜ ወለዱ በየቀኑ የሚታሰብ ነውና ግማሹን ክፍያ ከ15 ቀን ቀድመው በማስገባትዎ ከወለድ የሚያተርፉት 1 ዶላር ከ49 ሳንቲም ገደማ ነው። ለዚህች ትርፍ ተጨማሪ 5.95 እየከፈሉ ነው ማለት ነው። እስከ 72ኛው ወር ድረስ እንዲሁ ቢቀጥሉ በዚህ መንገድ ብቻ የሚወጣው ገንዘብ 856 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይደርሳል። ሳምንታዊ ገቢዎ እንዳይበተን ከፈለጉ በየሳምንቱ አንድ አራተኛውን ለብቻው በከፈቱት የባንክ ሂሳብ ላይ እያስቀመጡ፣ ከዚያ ሂሳብ በወር አንድ ጊዜ በሙሉ ይክፈሉ። የገንዘቡን መበተን ያስቀራል፣ ለኩባንያውም ሁለተኛውን 5.95 አይሰጡም።

የመጀመሪያውንስ እንዴት እናስቀረው? ባንክዎ የቢል ፔይ፣ ማለትም ራሱ ባንኩ ከሂሳብዎ ክፍያ የሚልክበት፣ አገልግሎት ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው፣ ኩባንያውን ተቀባይ አድርገው ያስመዝግቡት። ባንኩ አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡን በኤሌክትሮኒክ ከመላክ ፈንታ የወረቀት ቼክ በፖስታ ሊልክ ስለሚችል ከመክፈያው ቀን በፊት ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት የሥራ ቀን ያስቀድሙት፤ የብድር ቁጥርዎም በትክክል መግባቱን ያረጋግጡ። ሌላው መንገድ ኦቶፔይ፣ ማለትም ክፍያው በየወሩ ከሂሳብዎ በራሱ የሚወሰድበት ሥርዓት፣ ነው። በእርስዎ ዓይነት ከፍና ዝቅ በሚል ገቢ ላይ ኦቶፔይ ያስፈራል፤ ሂሳብዎ ባዶ በሆነበት ቀን ቢመጣብዎ ባንኩ የሚጥልብዎ ቅጣት ከ5.95 ይብሳል። ከላይ ያልኩት የተለየ ሂሳብ ካለዎት ግን ይህ ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል፤ የመክፈያ ቀኑን ለእርስዎ ወደሚመች ሳምንት እንዲያዛውሩልዎትም ኩባንያውን መጠየቅ ይችላሉ። አበዳሪ ብድር ለመስጠት ኦቶፔይን ግዴታ ማድረግ በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም፤ የፈቀዱትንም ክፍያ ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ለባንክዎ በመንገር ማስቆም ይችላሉ።

ሁለት መቶውን ዶላር ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ ለመቀነስ ያሰቡትን ግን እባክዎ ይተዉት። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በኩባንያው መዝገብ ላይ ግን የሚታየው የጎደለ ክፍያ ብቻ ነው። ከ30 ቀን ካለፈ የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ሊያስታውቁት ይችላሉ፣ እዚያ ከገባም እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ የሚመዘገበውም በእርስዎ ስም ብቻ ሳይሆን በጋሼም ስም ነው። ጋሼ ሲፈርሙ የተሰጣቸው የኮሳይነር ማሳሰቢያ፣ ተበዳሪው ካልከፈለ ዕዳውን እሳቸው መክፈል እንደሚኖርባቸው ይናገራል። መኪናዋም የእንጀራዎ መሣሪያ ናት፤ ክፍያ ከተቋረጠ ኩባንያው ጠብ ሳያስነሳ እስከቻለ ድረስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወስዳት ይችላል። የተከራከሩበትን ገንዘብ መጠየቅና ዕዳውን በሰዓቱ መክፈል አብረው ሊሄዱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ እንዲያውም በሰዓቱ የሚከፍል ሰው አቤቱታ የበለጠ ይሰማል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ውሉን ያውጡና ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ያሉትን ደቃቅ አንቀጾች፣ ድካም የሚጠይቅ ቢሆንም፣ በሰከነ መንፈስ ያንብቡ። ስለ ዘገየ ክፍያ የሚናገር አንቀጽ ያገኛሉ። በኦንላይን ወይም በስልክ ስለመክፈል ገንዘብ እንደሚጠየቅ የሚናገር አንቀጽ አለ ወይ? ውሉ የሚመራበት የየትኛው ግዛት ሕግ ነው? አለመግባባት ሲፈጠር በግልግል እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም የሚል አንቀጽስ? እነዚህን ሦስቱን ሲያውቁ ምን ያህል ጽኑ መሬት ላይ እንደቆሙ ያውቃሉ።

ከዚያ ለኩባንያው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ስድብም ሆነ የፍርድ ቤት ማስፈራሪያ አይግባበት። ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ የከፈሉትንና የተጨመረብዎትን የሚያሳይ ዝርዝር እንዲልኩልዎ፣ ክፍያውን የሚፈቅደው የትኛው የውሉ አንቀጽ እንደሆነ እንዲያሳዩዎ፣ ገንዘቡ ለእነሱ ወይስ ለክፍያ አሳላፊው እንደሚገባ እንዲገልጹልዎ፣ የሚፈቅድ አንቀጽ ከሌለም የተወሰደው እንዲመለስልዎ ይጠይቁ። አንዲት ነገር ላስታውስዎ፦ የክፍያ ቼክ የሚላክበት አድራሻና ደብዳቤ የሚቀበሉበት አድራሻ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ በወርኃዊ መግለጫው ጀርባ ላይ ለጥያቄና ለቅሬታ የተባለውን ይፈልጉ። መድረሱን በፊርማ በሚያረጋግጥ ፖስታ ይላኩት፣ ግልባጩንም ያስቀምጡ። በስልክ ያነጋገሩዎት ሠራተኛ ላይ ቂም አይያዙ፤ የተሰጣቸውን ጽሑፍ ነው ያነበቡልዎት።

መልሱ ካላረካዎ ወይም ጭራሽ ካልመጣ፣ ለሜሪላንድ የፋይናንስ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤትና ለግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በነጻ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ከዚያም አልፎ ቢሄድ፣ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሱ ጉዳዮች በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የአነስተኛ ክሶች ሥርዓት ያለ ጠበቃም ሊታዩ ይችላሉ። ከመክሰስዎ በፊት ግን አንድ የሸማቾች ሕግ ጠበቃ ውሉን ቢያይልዎ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያሉ ክርክሮች የብዙ ተበዳሪዎችን ጉዳይ አንድ ላይ አጣምረው ስለሚቀርቡ ፈቃደኛ ጠበቃ ማግኘት የሚያስቡትን ያህል አይከብድም።

አሁን ስለ ጋሼ። ይንገሯቸው፤ የሚነግሯቸው ግን ቅሬታ ይዘው ብቻ አይሁን። ቤት ሲገዙ ባንኩ የእርስዎን 486 ዶላር የእሳቸው ወርኃዊ ዕዳ አድርጎ ሊቆጥርባቸው ይችላል፤ ሊበደሩ የሚችሉትንም ያን ያህል ይቀንስባቸዋል። ብዙ የቤት አበዳሪዎች ግን ኮሳይን የተደረገውን ብድር ላለፉት 12 ወራት ሌላው ሰው ከራሱ ሂሳብ ሳያዘገይ እንደከፈለ የባንክ መግለጫ ከቀረበላቸው ከስሌቱ ያወጡታል። ያ መግለጫ በእጅዎ ነው። እስካሁን አንድም ክፍያ አላሳለፉም ብዬ እገምታለሁ፤ ከሆነ የአሥራ ሁለቱን ወር መግለጫ አትመው ለጋሼ ይስጧቸው፤ ለባንካቸው ያሳዩታል። ኩባንያው ጋር የጀመሩትን የደብዳቤ ክርክርም በዚያው ይንገሯቸው፤ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ለዓመት ተኩል በሰዓቱ የከፈለ ሰው ክሬዲቱ ያን ጊዜ እንደነበረው አይሆንም። አሁን የሚቀረው ዕዳ 19,000 ዶላር ገደማ ይመስለኛል። አንድ የክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) በእርስዎ ስም ብቻ፣ ለቀረው 54 ወር፣ በ10 በመቶ አካባቢ ቢያበድርዎ የወር ክፍያዎ ከ45 ዶላር በላይ ይቀንሳል፤ ከዕዳው ላይም የጋሼ ስም ይወጣል። ሁለት ሦስት ቦታ ማመልከት ካሰቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያድርጉት፤ በክሬዲት ውጤት አቆጣጠር በአጭር ጊዜ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ብድር የሚደረጉ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አዲሱ አበዳሪ በኦንላይን ለመክፈል ምን እንደሚጠይቅም ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ተቀባይነት ባያገኙ እንኳ ከስድስት ወር በኋላ ደግመው መሞከር ይችላሉ፤ ይህ መንገድ ክፍት የሚሆነው ግን የክፍያ ታሪክዎ ንጹሕ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው፣ ባለቤትዎም የፈሩት ይህንኑ ይመስለኛል።

ባለቤትዎን «ወንድምሽን ከባልሽ አስበለጥሽ» ብለው አይክሰሷቸው፤ ምናልባትም ያን ቀን የተቆጡት በሁለት መካከል ስለተያዙ ነው፤ ወንድማቸውን ለዚህ ፊርማ የለመኑት እሳቸው ነበሩ? ይህን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ክፍያውን አልቀንስም፤ በሰዓቱ እከፍላለሁ፤ የተወሰደብኝን ግን በጽሑፍ እጠይቃለሁ» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ደብዳቤውን አብራችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል፤ ከሁለታችሁ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ የሚቀናው ይጻፍ፣ ሌላው ውሉን ይዞ አንቀጾቹን ያንብብለት። የሚቀጥለውን ክፍያ በቢል ፔይ ለመላክ ጊዜ የሚበቃ ከሆነ ነገውኑ ባንክዎ ጋ ያስመዝግቡ፤ የማይበቃ ከሆነ ለዚህ ወር ብቻ 5.95ቱን ከፍለው ደረሰኙን ከደብዳቤው ጋር ያያይዙት።